በቶንተን ሜዳ የጥንቃቄና የድፍረት ክርክር

በእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ በኩል ሶመርሴት የሚባል አውራጃ አለ። ይህ አውራጃ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 ዓ.ም. በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሀውስ የተባለው ቤት የሚገኝበት የባዝ ከተማ ከጥንት ጀምሮ የሚቈጠረው በዚሁ አውራጃ ውስጥ ነውና። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) ዳሩ ግን ባዝን በስም የሚያውቅ ብዙ ሲሆን ከባዝ በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ የምትገኘውን ቶንተንን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቶንተን የአውራጃው ዋና ከተማ ናት። ዛሬ ለቤተ ሰብ ጨዋታ እንዲሆን የምናቀርበው በዚች ከተማ ሜዳ ላይ በሴፕቴምበር ወር፥ ይኸውም የእኛ መስከረም በሚጠባበት ጊዜ፥ ብዙ ጊዜ የሚነሣውን አንድ ክርክር ነው።

ከተማዪቱ ቶን በሚባለው ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ናት፤ የክሪኬት ሜዳዋም ከወንዙ አጠገብ ነው። ከመቀመጫው ሆኖ ለሚመለከት ሰው የቅዱስ ያዕቆብና የማርያም መግደላዊት አብያተ ክርስቲያናት ረጃጅም ግንቦች ከሣሩ በላይ ቀጥ ብለው ይታዩታል፤ ሰማዩም በጠራ ጊዜ የኳንቶክ ኮረብቶች ከሩቅ ይታያሉ። በዚህ ሜዳ የመጀመሪያው ትልቅ ግጥሚያ የተደረገው በ1882 ዓ.ም. ነው። ከበሮቹ አንዱ በቪቪያን ሪቻርድስ፥ ከተመልካች መቀመጫዎቹም አንዱ በኢያን ቦተም ስም ይጠራል፤ ሁለቱም ለሶመርሴት የተጫወቱ ኀይለኞች መቺዎች ነበሩ።

ክርክሩን ለመረዳት አስቀድሞ ጨዋታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ክሪኬት ከእኛ የገና ጨዋታ ጋራ የሚመሳሰለው በዱላና በኳስ በመሆኑ ብቻ ነው። በያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ኳስ ሲወረውር ሌላው ይመታል። ከመቺው በስተ ኋላ ሦስት ዘንጎች ተተክለዋል፤ ወርዋሪው እነዚያን ዘንጎች በኳስ የመታ እንደሆነ፥ ወይም መቺው ያጎናት ኳስ መሬት ሳትነካ የተቀለበች እንደሆነ፥ መቺው ከጨዋታ ይወጣል። መቺው ኳሷን መትቶ ወደ ማዶ በሮጠ ቍጥር ለወገኑ አንድ ሩጫ ይቈጠራል፤ ኳሷ የሜዳውን ዳር ያለፈች እንደሆነ 4፥ መሬት ሳትነካ ያለፈች እንደሆነ 6 ይቈጠራል። የአውራጃዎች ግጥሚያ 4 ቀን ሙሉ የሚፈጅ ነው። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ጨዋታው ተፈጽሞ ካላለቀ፥ ምንም እንኳ አንደኛው ወገን እጅግ ቢበልጥ፥ አቻ ተለያዩ ይባላል። እንግዲህ ማሸነፍ የማይሆንለት ወገን ሩጫ ሳይፈልግ ዘንጎቹን ብቻ እየጠበቀ ፀሐይ እስክትጠልቅ በመቆየት ከሽንፈት ሊያመልጥ ይችላል። ነገሩ ክሱ የከፋበት ሰው ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እንደሚለምነው ያለ ነው።

በእንግሊዝ አገር በዚህ ውድድር የሚሰለፉት 18 አውራጃዎች ናቸው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በላይኛና በታችኛ ክፍል ተለይተው ይጫወታሉ፤ በበጋው መጨረሻ ከላይኛው ክፍል በነጥብ ያነሱት ይወርዳሉ፥ ከታችኛውም የበለጡት ይወጣሉ። መውረድ ማለት ውርደት ብቻ አይደለም። ስመ ጥር ተጫዋቾች ወደ ሌላ አውራጃ ለመሄድ ያስባሉ፤ ወጣቶቹም ከታላላቆቹ ጋራ እየተጋጠሙ የሚማሩበት ዕድል ይቀርባቸዋል። ስለዚህ የበጋው መጨረሻ ሲቃረብ የሚወርደው ማን እንደሆነ ማስላት የተመልካቹ ሁሉ ሥራ ይሆናል። በጕልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ሻይ እየጠጡ በሚቀመጡት ሽማግሌዎችም፥ ከሥራ ቀርተው በመጡት ጐልማሶችም መካከል ክርክር ይነሣል። ወገኑም በዕድሜ የሚለይ አይደለም፤ ሽማግሌው ደፋር፥ ጐልማሳው ጠንቃቃ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በጥንቃቄ የሚያምኑት እንዲህ ይላሉ። የሚወርድ ሰው የሚወርደው ያለውን ስለሚያባክን ነው፤ አቻ ቢወጡ ጥቂትም ቢሆን ነጥብ ይገኛል፥ ቢሸነፉ ግን ለማሸነፍ የተወሰነው ነጥብ በሙሉ ለባላጋራ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፥ የሌለውን ለማግኘት ሲሉ ያለውን ማጣት ሞኝነት ነው። በድፍረት የሚያምኑትም ሲመልሱ፥ ሳይደፈርስ አይጠራም፤ ነጥቡን እስኪ ቍጠሩት ይላሉ። በ2017 ዓ.ም. በነበረው ሕግ ለአሸናፊው 16፥ አቻ ለወጣ 5 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ሦስት ጊዜ አቻ የወጣ 15 ያገኛል፤ አንድ ጊዜ አሸንፎ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ግን 16 ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር ለሚያሳየው አመታትና አወራወር የሚጨመረው ነጥብ ለብቻው ሆኖ፥ በዚህ ሒሳብ ሁለት ጊዜ የወደቀው ደፋር አንድ ጊዜ ስንኳ ያልወደቀውን ጠንቃቃ ይበልጠዋል።

ይህ ክርክር በቶንተን ይልቁን የሚመርርበት ምክንያት አለው። በዚህ ሜዳ ቪቪያን ሪቻርድስ በ1985 ዓ.ም. በአንድ ቀን ውስጥ ብቻውን 322 ሩጫ ሠርቷል፤ ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች በዝግታ የሚጫወት መቺ ሲያዩ ትዕግሥታቸው ያልቃል። በሌላ ወገን ደግሞ ሶመርሴት ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወዳደር እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ የአውራጃዎችን ሻምፒዮንነት አንድ ጊዜ ስንኳ አላገኘም። በ2010 ዓ.ም. ከኖቲንግሃምሺር ጋራ እኩል 214 ነጥብ ነበረው፤ ሆኖም ኖቲንግሃምሺር 7 ጊዜ፥ ሶመርሴት 6 ጊዜ ያሸነፉ ስለሆነ ዋንጫው ለኖቲንግሃምሺር ተሰጠ። ከእነዚያ አቻዎች አንዱ ድል ሆኖ ቢሆን እያሉ የሚቈጩ ዛሬም አሉ።

ከዚያም ወዲህ በ2016 ዓ.ም. የሆነው የባሰ ነው። ሶመርሴት የመጨረሻ ጨዋታውን በቶንተን አስቀድሞ አሸንፎ፥ ተጫዋቾቹ በለንደን በሎርድስ ሜዳ ሚድልሴክስና ዮርክሺር የሚያደርጉትን ግጥሚያ ፍጻሜ ይጠብቁ ጀመር። እነዚያ ሁለቱ አቻ ቢለያዩ ዋንጫው የሶመርሴት ነበር። ሚድልሴክስና ዮርክሺር ግን አቻ መውጣት ለሁለቱም የማይጠቅም መሆኑን ዐውቀው፥ አለቆቻቸው ተነጋግረው ጨዋታው በአሸናፊና በተሸናፊ የሚያልቅበትን መንገድ አበጁ። ዮርክሺር በቀላል ውርወራ ለባላጋራው ሩጫ ለቀቀለት፤ ሚድልሴክስም በፈንታው መምታቱን አቁሞ በ40 ኦቨር ውስጥ 240 ሩጫ እንዲሠሩ ለዮርክሺሮች ሜዳውን ሰጣቸው። ኦቨር የሚባለው ስድስት ስድስት ውርወራ ነው። ዮርክሺሮች 178 ላይ ሁሉም ወጡ፤ የሚድልሴክሱ ቶቢ ሮላንድ ጆንስ በተከታታይ ሦስት ውርወራ ሦስት ሰዎች አስወጥቶ ጨዋታውን ፈጸመ። ሚድልሴክስ ከ1993 ዓ.ም. በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ፤ ሶመርሴትም ተቀምጦ በሚመለከትበት ሰዓት ሁለተኛ ሆነ።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ በ2017 ዓ.ም. በሴፕቴምበር መጨረሻ ያው ሚድልሴክስ ወደ ቶንተን መጣ። በዚህ ጊዜ ግን የዋንጫ ነገር ቀርቶ የመውረድ ነገር ሆኖ ነበር። በላይኛው ክፍል ከነበሩት 8 አውራጃዎች ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ዎሪክሺር አስቀድሞ መውደቁ ታውቋል፤ የቀረው ሁለተኛው ማን እንደሚሆን ብቻ ነው። ሶመርሴት በነጥብ ከኋላ ስለ ነበረ ማሸነፍ ግድ ሆነበት። የቶንተን መሬት በዚያ ዘመን ደረቅና አቧራማ ስለሆነ ለጥምዝ ወርዋሪዎች የሚመች ነበር፤ ሰዎች የአገሩን የፖም መጠጥ ሳይደርንና የህንድን ከተማ ሃይደራባድን አንድ ላይ አጋጥመው ሜዳውን ሳይደራባድ እያሉ ይቀልዱበታል። ሶመርሴት በ231 ሩጫ አሸነፈ። ነጥብ በተቈጠረ ጊዜም ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ሚድልሴክስ ከሶመርሴት በአንድ ነጥብ ብቻ አንሶ ወደ ታችኛው ክፍል ወረደ።

ያች አንዲት ነጥብ ከየት እንደ ጐደለች መመርመር ያስፈልጋል። ከዚያ ቀደም በኦገስት 31 ቀን ሚድልሴክስ በለንደን በኦቫል ሜዳ ከሱሬይ ጋራ ሲጫወት ከውጭ የተወረወረ ቀስት ከሜዳው ላይ ወደቀ፤ ማንም ባይጎዳም ጨዋታው ተቋርጦ አቻ ተባለ። በዚያ ጨዋታ ግን ሚድልሴክስ በተወሰነው ጊዜ ሊወረውር የሚገባውን ኦቨር አላደረሰም፥ ዘግይቷል ተብሎ 2 ነጥብ ተቀነሰበት። ቅሬታ ቢያሰማም ውሳኔው ጸና። እነዚያ 2 ነጥቦች ባይቀነሱ ኖሮ የሚወርደው ሶመርሴት ነበር። በሎርድስ በደፈረበት ዓመት ዋንጫ የወሰደው ሚድልሴክስ በኦቫል በዘገየበት ዓመት ወረደ፤ መዘግየት ያለ ዋጋ የሚገኝ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ዳሩ ግን ደፋሮቹ ፈጽመው ረቱ ለማለት አይቻልም። በ2019 ዓ.ም. ሶመርሴት ዋንጫውን ለማግኘት በመጨረሻው ጨዋታ ኤሴክስን ማሸነፍ ያስፈልገው ነበር። ዝናም ጊዜውን በላው፤ አቻ ተለያዩ፤ ኤሴክስም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም በላይ ለግጥሚያው የተዘጋጀው መሬት ለወርዋሪዎች ከመጠን ያለፈ ምቹ ሆኖ ተገኘ ተብሎ በሶመርሴት ላይ የነጥብ ቅጣት ተፈረደበት። ይህች አገር ያለ መጠን መድፈርን ከክሪኬት በፊትም ታውቀዋለች። በ1685 ዓ.ም. የሞንመዝ መስፍን በንጉሡ ላይ ተነሥቶ ከቶንተን ብዙ በማይርቀው በሴጅሙር ረግረግ ላይ የንጉሡን ጦር በሌሊት ሊመታ ሄደ። በጨለማ ውስጥ ተኵስ ተሰምቶ ጦሩ ነቃ፤ በፊቱ ያለው የውሃ ቦይ ሰዎቹን አገዳቸው፤ ተሸነፉም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዳኛው ጄፍሪስ በቶንተን ግንብ አዳራሽ ተቀምጦ ብዙዎቹን በሞት ቀጣ። የድፍረቱ ጉድለት የቦዩን መሻገሪያ አለማወቅ ነበር።

ሁለቱን አሳቦች አንድ ላይ ያሳየው ደግሞ የቶንተን ተወላጅ የሆነው ጃክ ሊች ነው። በኦገስት 25 ቀን 2019 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሄዲንግሊ ሜዳ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ ጋራ ሲጫወት ለማሸነፍ 359 ሩጫ ያስፈልገው ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ወጥተው የመጨረሻው ሊች በገባ ጊዜ ገና 73 ሩጫ ቀርቶ ነበር። ከማዶ የነበረው ቤን ስቶክስ ኳሷን ከሜዳው ውጭ እያሻገረ ይመታ ጀመር፤ ሊች ግን በየመካከሉ መነጽሩን እየጠረገ ዘንጎቹን ብቻ ይጠብቅ ነበር። 17 ውርወራ ተቀብሎ የሠራው 1 ሩጫ ብቻ ነው፤ ስቶክስ 135 ሠራ። ሁለቱ በአንድነት 76 ጨምረው እንግሊዝን አሸናፊ አደረጉ። ሊች እንደ ስቶክስ ልምታ ቢል ኖሮ፥ ስቶክስም እንደ ሊች ልጠብቅ ቢል ኖሮ፥ ጨዋታው በሽንፈት ወይም በአቻ ያልቅ ነበር።

ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸውም በዚህ ነገር አንድ አሳብ አልጸናላቸውም። ለአቻ የሚሰጠው ነጥብ በ2023 ዓ.ም. ድፍረትን ለማበረታታት ከ8 ወደ 5 ወረደ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8 ተመለሰ። ነጥቡ 5 ሲሆን ሦስት አቻ ከአንድ ድል ያንሳል፤ 8 ሲሆን ግን ሁለት አቻ ከአንድ ድል ጋራ ይተካከላል። ስለዚህ ዐምና ልክ የነበረው ምክር ዘንድሮ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ተከራካሪዎቹም ሒሳባቸውን እንደገና ይጀምራሉ።

ከቶንተን ሜዳ ለቤታችን የምንወስደው ይህ ነው። ኑሮ በጐደለ ጊዜ በያንዳንዱ ቤት ያው ክርክር ይነሣል፤ ባል እህሉ ለክረምት ይቀመጥ ሲል ሚስት ሸጠን እንነግድበት ትላለች፥ ወይም ነገሩ ይገለበጣል። ጠንቃቃውን ፈሪ፥ ደፋሩን አባካኝ ብሎ ከመስደብ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ የቀረን ምን ያህል ነው፤ የቀረው ጊዜስ ስንት ነው፤ ብንዘገይ የሚቀነስብንስ ምንድር ነው። መልሱ ከታወቀ በኋላ አንዱ ዘንጉን ይጠብቅ፥ አንዱ ይምታ።