የበግ ደም የምናጥብበት ዘመን

ማታ ከላቦራቶሪ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ የበግ ደም ማጠብ ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ማብቂያ፣ አገሩ አሜሪካ ነው። የታጠበውን የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ከሕመምተኛው ሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ጋር ቀላቅዬ፣ በሴንትሪፉጅ ለስለስ አድርጌ አዙሬ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ቱቦውን በስሱ እያዘነበልኩ ዝቃጩን አላቅቃለሁ፤ እጄ ከከበደ ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ቆጠራ። ሦስትና ከዚያ በላይ የበግ ሕዋስ የተጣበቀበት ሊምፎሳይት ቲ ሴል ነው። አበባ ስለሚመስል «ሮዜት» እንለው ነበር። ዓይኔ እስኪፈዝ ሁለት መቶ እቆጥራለሁ።

ሌላው የሊምፎሳይት ዓይነት፣ ቢ ሴል፣ ግን ይህ አበባ የለውም። እሱን የምንፈልገው ከጥንቸል ወይም ከፍየል ደም በተገኘ፣ የሚያበራ ቀለም በተያያዘበት አንቲቦዲ ነበር። አንቲቦዲው የብዙ ዓይነት ቅልቅል ስለሆነ የዚህ ብልቃጥ ውጤት ከዚያኛው አይገጥምም። ጥሩውን የሰጠችን ፍየል ከሞተች ደግሞ ያንኑ መልሶ ማግኘት የለም።

ዛሬም የሚቆጨኝ የፓቶሎጂው ጠረጴዛ ነው። አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት የመጣ ሰው ናሙናው ተቆርጦ ይታያል፤ ሕዋሳቱ ግዙፍና መልክ የለሽ ናቸው። ካርሲኖማ ይሁን ሊምፎማ (የሊምፎሳይት ካንሰር) በዓይን ብቻ መለየት የሚያቅትበት ጊዜ ነበር። ሕክምናቸው ለየቅል ነው፤ ሊምፎማ ከሆነ በኬሞቴራፒ የሚድን አለ። ስንቱ በግምት ታከመ!

መላው የተገኘው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ነው። በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን የአይጥ ጣፊያ ሕዋስን ከማይሞት የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚያመርት ሕዋስ አገኙ። የባለቤትነት መብት አልወጣበትም፤ እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጸጋ እቆጥረዋለሁ። በ1980 ዶክተር ሊ ናድለር ያሉበት የቦስተን ቡድን በዚሁ ዘዴ የተሠራውን «ቢ1» የተባለ አንቲቦዲ ይፋ አደረገ። ቢ ሴል በራሱ ምልክት ተለየ።

በቢ1 የቀለምነውን የመጀመሪያ ስላይድ አልረሳውም። የሕዋሱ ጠርዝ ሁሉ ቡናማ ቀለበት አሰረ፤ መሐሉ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። አጠገቤ የቆመችው ሐኪም «ሊምፎማ ነው፤ ቢ ሴል» አለችና ስልክ ልትደውል ሮጠች።

የበጉ ሕዋስ ይጣበቅበት የነበረው ፕሮቲን በኋላ ሲዲ2 ተባለ፤ ቢ1 የሚይዘው ደግሞ ሲዲ20። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ለሊምፎማ ሕክምና የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የሚይዘውም ይህንኑ ሲዲ20 ነው።