470 ወንበር፣ 470 ዕጩ

ኩባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2023 የፓርላማ ምርጫ ተካሄደ። ወንበሩ 470፣ ዕጩውም 470። ሁሉም አለፉ።

እኔ በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ቁጥር ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ ደግሞ የሚገዛው አዘጋጅ የለም። ቢሆንም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ተፎካካሪ ከሌለ መንግሥት ሕዝቡን ለምን በእሑድ ቀን ያሰልፋል?

ሰፈራችን ውስጥ በደርግ ዘመን በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት አንዱ አሉ። ያደጉት የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው። ጋሼ ኩባን በክፉ ማንሳት አይወዱም። አልፈርድባቸውም፤ አብልቶ ያስተማራቸው አገር ነው።

«እዚያ እኮ ብር ያለው አይደለም የሚመረጠው» ይሉኛል። «የዕጩው ፎቶና የሕይወት ታሪክ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ኮሮጆውንም የሚጠብቁት ተማሪዎች ናቸው።»

እውነታቸውን ነው። በታችኛው የማዘጋጃ ቤት ምርጫማ ጎረቤት ተሰብስቦ እጅ እያወጣ ይጠቁማል፤ ለአንድ ወንበር ቢያንስ ሁለት ዕጩ መቅረብ አለበት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለፓርላማው ሲሆን ሁለተኛው ሰውዬ የት ገባ?»

«ማጣራቱ አስቀድሞ አልቋላ!»

እንግዲህ ምርጫው ያለቀው እዚያ ጋ ነው። ዕጩዎቹን የሚያዘጋጁት ከሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከሴቶች ፌዴሬሽኑ፣ ከተማሪዎችና ከሰፈር ኮሚቴዎች የተውጣጡ ኮሚሽኖች ናቸው። ሁሉም ከፓርቲው ጉያ የማይወጡ ድርጅቶች ናቸው። የ2019 ሕገ መንግሥትም ኮሚኒስት ፓርቲውን የኅብረተሰቡና የመንግሥት የበላይ መሪ ይለዋል። ለመራጩ የቀረው አዎ ማለት ወይም ዝም ማለት ነው። ዕጩው ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ስላለበት በወረቀት ላይ «አልፈልግህም» ማለት ይቻላል። ቅስቀሳው ግን «ሁሉንም በአንድ ላይ ምረጡ» ነው፤ ወረቀቱ ላይ ለሁሉም በአንዴ ምልክት የሚደረግበት ክብ አለ።

ጋሼ በዚህ መሐል ወጉኝ። «እናንተስ በ2007 547 ከ547 አላመጣችሁም?»

አመጣን። ኢሕአዴግና አጋሮቹ አንድም ወንበር አላስተረፉም። በእኛ ወረቀት ላይ ግን ቢያንስ የተሸናፊው ስም ነበረ፤ ስንት ሰው እንደመረጠው ይቆጠራል። ኩባ ውስጥ የሚሸነፍ ሰው ስለሌለ ተቃውሞውን ከሌላ ቦታ ነው የምትፈልገው፤ ቤቱ ከቀረው ሰው።

ለዚህ ነው ሰልፉ የሚያስፈልገው። የመንግሥት ተፎካካሪ ያልመጣው መራጭ ነው፤ እሱ ደግሞ እየበዛ ነው። በ2013 ከመቶ 91 ገደማ ሰው ወጥቶ ነበር። በ2018 ወደ 86 ወረደ። በ2023፣ ያ ሁሉ ቅስቀሳ ተደርጎ፣ 76 አካባቢ። ከመጡትም ውስጥ ከአሥር አንድ የሚጠጋው ባዶ ወይም የተበላሸ ወረቀት ነው የከተተው። እነዚህን ቁጥሮች ያወጣው ተቃዋሚ እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ የምርጫ ምክር ቤታቸው ነው።

ቁጥሩን ለጋሼ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ድሮ ምርጫ ሲሆን ከሰፈር ኮሚቴው መጥተው ያንኳኳሉ» አሉ። «አለመሄድ ያሳፍር ነበር።»