የፒያሳ ቡናና መኪናው

ፒያሳን በእግሩ የሚዞር ሰው ቡና ቤት መድረሱን በመጀመሪያ የሚያውቀው በጆሮው ነው። የቡናውን አተላ ለማራገፍ እጀታው ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ቋ! ቋ! ይላል፤ ወዲያውም ወተቱን የሚያፈላው እንፋሎት ሽሽታውን ይለቀዋል። የጥንቱን አራዳ ፒያሳ ያሰኙት ጣሊያኖች ሲሆኑ ትርጓሜው አደባባይ ማለት ነው። በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው ልማት ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ በመኪና የተፈላ ቡና ቆሞ የመጠጣት ልማድ ግን ከተማውን ሁሉ አዳርሷል።

በ1953 የተቋቋመው ቶሞካ ለዚህ ልማድ ዋና ምስክር ነው። ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቍያ» የሚል ትርጓሜ ካላቸው የጣሊያንኛ ቃላት አጥሮ የተሠራ ነው። እዚያ ደንበኛው ከረጅሙ ጠረጴዛ ተደግፎ ሲኒውን ጨልጦ ይሄዳል እንጂ እንደ ቤት ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ አይቀመጥም።

አንባቢ ሆይ፣ ሲኒህን ስትጠብቅ ከባንኮኒው በስተጀርባ የተጎለተውን መኪና ልብ ብለህ ተመልክተኸው ታውቃለህን? አገሩ ሰሜን ኢጣልያ ነው። በ1884 አንጄሎ ሞሪዮንዶ በቶሪኖ፣ በ1901 ደግሞ ሉዊጂ ቤዜራ በሚላኖ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በዚያ ዘመን ውኃውን በቡናው ውስጥ የሚገፋው እንፋሎት ብቻ ነበር። ግፊቱ ከ1.5 አትሞስፌር እምብዛም ስለማያልፍና ሙቀቱም ስለሚበዛ ቡናው ይመር ነበር። ይህን የለወጠው የሚላኖው አኪሌ ጋጂያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባወጣው መኪና ሠራተኛው ረጅሙን ዘንግ ወደ ታች ሲስብ ውስጥ ያለው ሞላ ይጨመቃል፤ ሲለቀው ሞላው እየተዘረጋ ውኃውን እስከ 9 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል። ያ ወርቅማ አረፋ በሲኒው ላይ መታየት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በ1961 ፋኤማ የተባለው ኩባንያ የክንዱን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰጠው። መኪናውም በዚያ ዓመት በኢጣልያ ለታየው የፀሐይ ግርዶሽ መታሰቢያ እንዲሆን ኢ-61 ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ልዩነት በይበልጥ የሠራተኛውን እጅ የሚያሳርፍ ነው። አንዱ ዓይነት ሠራተኛው እስኪዘጋው ድረስ ያፈሳል፤ ሁለተኛው ውኃውን ራሱ ለክቶ ያቆማል፤ ሦስተኛውማ ፈጭቶ፣ ጠቅጥቆ፣ ቀድቶ፣ አተላውን ሳይቀር ይጥላል። ይህ የመጨረሻው ለሆቴል ቁርስ ይመች ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሰው የሌለበት ቡና ቤት ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ማኪያቶ ወዳድ ስለ ሆነ ከመኪናው ብዙ እንፋሎት ይፈለጋል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ከሚያብረቀርቀው ሽፋን ይልቅ ቦይለር ስለሚባለው የውኃ ማፍያ መጠየቅ አለበት። በብዙዎቹ መኪናዎች ያለው ቦይለር አንድ ነው፤ የቡናው ውኃ በውስጡ በተዘረጋ ቧንቧ ሲያልፍ ይሞቃል። በሌሎቹ ግን ለወተቱና ለቡናው ሁለት የተለያዩ ቦይለሮች ስላሉ፣ ወረፋው ቢበዛም የቡናው ሙቀት አይናወጥም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በቅርቡ ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባጠራቀሙት የእቁብ ገንዘብ በትውልድ ከተማቸው ቡና ቤት ሊከፍቱ ነው።

«ጋሼ፣ ባለ ሦስት ግሩፕ፣ ሁሉን ራሱ የሚለካ አግኝተናል» አለኝ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር እንገዛለን።»

«በምን ገንዘብ?»

ዝም አለ። ፓምፕ ያለው መኪና መብራት ሲጠፋ ከነውበቱ ቆርቆሮ ነው። ባለ ዘንጉ ግን ዛሬም ይሠራል፤ በጋዝ የሚሞቅም አለው። መብራት ቢኖርም ባይኖርም በክንድና በሞላ ይቀዳል። እርግጥ ነው፣ ያደክማል፤ ዘንጉ ከእጅ ካመለጠም አገጭ ይመታል። መፍጫውም መብራት ስለሚፈልግ ጥቂት ቡና ቀድሞ ፈጭቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። ቢሆንም ለሦስቱ ወጣቶች፣ ባለ ሁለት ግሩፕ እንኳ ቢሆን፣ ይህኛው ይሻላቸዋል ብዬ ነገርሁት።

ከሳምንት በኋላ ያገለገለ ባለ ዘንግ አይቶ መጣ። ያገለገለ የቡና መኪና ሲገዛ የሚፈራው ኖራ ነው፤ ውኃው በፈላ ቁጥር በቦይለሩ ግድግዳ ላይ እየተጋገረ ቧንቧውን ያጠበዋል። ሻጩ ቦይለሩ አይከፈትም ብሎ ነበር። ካልተከፈተ አንገዛም ስላልን፣ ቅዳሜ ጠዋት መፍቻ ይዞ ሊጠብቀን ተስማማ።