ጊታር በስንት ወር ይለመዳል?

አንባቢዬ ሆይ! አንድ ተማሪዬ ጠይቆኝ በችኮላ የመለስሁለት፥ ኋላም የተጸጸትሁበት ጥያቄ አለና እርሱን ላጫውትዎ። እርስዎም ጊታር ገዝተው ከግድግዳ ላይ ከሰቀሉ በኋላ በየማታው እያዩ «መቼ ይሆን?» ከሚሉት ወገን ከሆኑ ነገሩ ሳይነካዎት አይቀርም።

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን የዕረፍት ደወል ተደውሎ ከክፍል ስወጣ ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጊታር እንደምነካካ ከማን እንደ ሰማ አላውቅም። «መምህር፥ በጊታር ጎበዝ ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለኝ። እኔም የፈተና ወረቀት በብብቴ ሸጉጬ ወደ መምህራን ክፍል እጣደፍ ነበርና፥ «ከበረታህ ሦስት ወር ይበቃሃል» ብዬው አለፍሁ።

ለምን ሦስት ወር አልሁ? በዚያን ጊዜ እኔ ራሴ ጊታር ከያዝሁ 2 ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ጎበዝም አልነበርሁም። ሦስት ወር ያልሁት ለጆሮ ደስ የሚል ቍጥር ስለ ሆነ ብቻ ነው። ፈተና ሳርም አንዲት ነጥብ ያለ ማስረጃ የማልጨምር ሰው፥ ለዚህ ልጅ ግን ያልለካሁትን ነገር ለክቼ ሰጠሁት።

የእኔን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ጊታሬን የገዛሁት ሥራ በያዝሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የሽቦ ክር ያለው፥ ሌላ ሰው ተጫውቶበት የሰለቸው ነበር። የናይሎን ክር ለጀማሪ ጣት ይራራል፤ ሽቦ ግን አይራራም። ጠመኔ የምይዘው በቀኝ እጄ ባይሆን ኖሮ በዚያ ወር ማስተማር ባልቻልሁም ነበር፤ የግራ እጄ ጣቶች ጫፍ እሳት እንደ ነካቸው ሆነው ከረሙ። በአራተኛው ሳምንት ገደማ ቆዳቸው ጠነከረና ሕመሙ ተወኝ።

ሕመሙ ሲተወኝ ደግሞ ዋናው ችግር ተገለጠ። የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ክራርን ያዩ እንደ ሆነ ክሮቹ አምስት ወይም ስድስት ሆነው አስቀድመው በሚፈለገው ቅኝት ይቃኛሉ፤ በትዝታ የተቃኘ ክራር ሕፃን እንኳ ቢነካው ትዝታ ትዝታ ይሸታል። በዚህ ረገድ ክራር ለጀማሪ ቸር ነው። (ይህን ስል እነ ካሳ ተሰማና እነ አስናቀች ወርቁ የደረሱበት በቀላሉ ይደረሳል ማለቴ አይደለም።) ጊታር ግን ሳይዙት ሲመቱት ምንም አይልም። ግራ እጅ ክሩን በትክክለኛው ቦታ ካልተጫነ፥ ቀኝ እጅም በዚያችው ቅጽበት ካልመታ፥ የሚወጣው ጩኸት ነው።

አከራዬን እትዬ ነው የምላቸው። ግቢያቸው ውስጥ ካለችው ክፍል በየማታው ግማሽ ሰዓት ስለማመድ በሦስተኛው ወር ላይ በሩን ገፋ አድርገው፥ «መምህር፥ የምትመታው ሚስማር መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። አልቀለዱም። መደርደሪያ የምሠራ መስሏቸው ነበር።

በዚያ ሰሞን ሰዓቴን ፊቴ አስቀምጬ ከዶ ኮርድ ወደ ሶል ኮርድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምሻገር እቆጥር ነበር። በመጀመሪያ ቀን 8 ጊዜ ሆነ። ከወር በኋላ 30 ደረሰ። በአምስተኛው ወር ፋ መጣብኝ፤ በአንድ ሌባ ጣት ስድስቱንም ክር ጨፍልቆ መያዝ የሚጠይቀው ኮርድ ነው። ብዙ ጊታር ከግድግዳ ላይ የሚሰቀለው በዚህ በፋ ምክንያት ይመስለኛል። የደሴ ብርድ ደግሞ ጣትን ያደነዝዛል፤ ጧት ጧት ውኃ አሙቄ እጄን እየነከርሁ ነበር የምጀምረው።

በሰባተኛው ወር አንድ ማታ ትዝታን በዝግታ ስሞክር እትዬ ወጥ ቤት ሆነው ሽንኩርት እየላጡ ዜማውን ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። እጄ ቆመ። «ምነው አቆምኸው?» አሉኝ ከዚያው ሆነው። እስከ ዛሬ ከተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን መናገር ያሳፍራል። ሁለተኛው ዓመት ያላንዳች እድገት አለፈ። በየማታው እቀመጣለሁ፤ የማውቃቸውን አራት ዘፈኖች ከዳር እስከ ዳር ተጫውቼ ጊታሩን አስቀምጣለሁ። በ11:30 ሰዓት ከቢሮ ወጥቶ ደክሞት የሚገባ ጸሐፊም እንዲሁ ያደርጋል፤ አልፈርድበትም፤ የሚያውቁትን መጫወት ያሳርፋል። ነገር ግን ዕረፍት ነው እንጂ ልምምድ አይደለም።

ስለዚህ ነገር እ. ኤ. አ. በ1993 ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አንደርስ ኤሪክሰን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የታወቀ ጥናት አውጥቶ ነበር። በበርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን የሚማሩትን ወጣቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ለብቻቸው ስንት ሰዓት እንደ ተለማመዱ ጠየቋቸው። እጅግ የላቁት እስከ 18 ዓመታቸው በአማካይ 7,410 ሰዓት ተለማምደው ተገኙ። የሙዚቃ መምህር ለመሆን የሚማሩት ደግሞ 3,420 ሰዓት። የተቆጠረውም እንዲሁ የተጫወቱበት ሰዓት አይደለም፤ የማይሆንላቸውን ቦታ ለይተው ያንኑ እየደጋገሙ የሠሩበት ነው። ከዚህ ጥናት ተነሥቶ «10 ሺህ ሰዓት የሠራ ሁሉ ሊቅ ይሆናል» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ፤ ኤሪክሰን ግን እንዲህ አላልሁም ብሎ ተቃውሟል። ሌሎች ተመራማሪዎችም ሰዓት ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን አሳይተዋል። የሆነ ሆኖ እኔን ያስደነገጠኝ ማካፈሉ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት በዓመት 182 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 7,410ን ለዚህ ሲያካፍሉት 40 ዓመት ከመንፈቅ ይወጣል።

አይደንግጡ። እርስዎም እኔም በበርሊን መድረክ ላይ ልንቆም አላሰብንም። እኛ የምንፈልገው ጓደኛ ሲዘፍን ማጀብ፥ ሠርግ ላይ አለማፈር፥ ማታ ብቻችንን ስንሆን ትዝታን ትዝታ ማድረግ ነው። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታልና፥ በፊት ጎበዝ ማለት በማን ጆሮ እንደ ሆነ መወሰን ያስፈልጋል። በእትዬ ጆሮ ጎበዝ ለመሆን የፈጀብኝ ሰባት ወር ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ሲሰላ 105 ሰዓት ያህል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ጠይቆኝ ከሄደ በኋላ ለወራት ስለ ጊታር አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም ረስቼው ነበር። አንድ ቀን ግን የቤት ሥራ ሳይሠራ ቀርቶ ሳነጋግረው ነገሩ ወጣ። ጂዳ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ታላቅ እኅት አለችው። «መምህሬ በሦስት ወር ይለመዳል ብሎኛል» ብሎ ጽፎላት፥ የጊታሩን ዋጋ ላከችለት። ለዒድ ስትመጣም የምትወደውን አምባሰል ሊጫወትላት ቃል ገባ። አምባሰልን ይመልከቱ! ስሙን ከዚሁ ከወሎ ምድር ያገኘ፥ ልጁ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማው ቅኝት ነው፤ ጆሮው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ድምፆቹ አምስት ብቻ ናቸውና በሳምንት ውስጥ ፈልጎ አግኝቷቸዋል። ነገር ግን ዘፋኝ በጉሮሮው፥ ማሲንቆ መቺም በጣቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት የሚሰማው ያ ለቅሶ መሰል ነገር በጊታር ላይ በቀላሉ አይገኝም። የጊታር አንገት በብረት ተከፋፍሎ ድምፁን በደረጃ ስለሚያወጣው፥ ተጫዋቹ ክሩን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ እያደረገ ሊያስለቅሰው ይገባል። እርሱ ነው ዓመታት የሚወስደው።

እኅቱ መጣች፤ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ልጁም ጀመረና መካከል ላይ ጠፋበት። እንደ ገና ጀመረ፤ እንደ ገና ጠፋበት። ማንም አልሳቀበትም፤ እርስዋም «ጎሽ፥ በርታ» ብላ ሳመችው። ጊታሩ በማግሥቱ ከቁም ሣጥን ኋላ ገባ።

«መምህር፥ እርስዎ ሦስት ወር ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አራት ወር ሞክሬ አልሆነልኝም። እጄ አልተፈጠረለትም» አለኝ።

አንባቢዬ፥ ይህን ሲለኝ አንድም የቍጣ ቃል አልተናገረኝም። በእኔ ቍጥር ራሱን ለክቶ አንሶ አገኘው እንጂ።

ስለ እጅ መፈጠር ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ጃንጎ ሬንሃርት የሚባለው ጊታር ተጫዋች እ. ኤ. አ. በ1928 የሚኖርበት ሠረገላ ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አስታምሞ፥ በቀሩት ሁለት ጣቶች አጨዋወቱን እንደ አዲስ ተማረ፤ በ1934 ፓሪስ ውስጥ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር ያቋቋመው ጓድ ስሙን በዓለም አስጠራው። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት የኖረ ነው፤ ለእርሱም እንኳ ይህን ያህል ጊዜ አስፈልጎታል። የቅዱስ ያሬድን ትልም እናስታውስ፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን ወጣ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ስንት ቀን እንደ ፈጀበት ግን የጠየቀ የለም።

ለልጁ ግን ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። «ሦስት ወር ያልሁህ ሳላስብ ነው፤ ልክም አልነበረም» አልሁት። መምህር እንዲህ ሲለው ሰምቶ ስለማያውቅ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ከዚያ ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳ ላይ አሰላንለት። በማታ ስንት ደቂቃ ይለማመድ እንደ ነበር ስጠይቀው፥ ጥናትም የቤት ሥራም ስላለበት 20 ደቂቃ ገደማ ነው አለኝ። 120 ቀን በ20 ደቂቃ 40 ሰዓት ነው። እኔ በ40ኛው ሰዓቴ ላይ ምን እንደ ነበርሁ ታውቃለህ ብዬ የእትዬን ሚስማር ነገርሁት። በዚያ ዓመት ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ይመጣል። ፋን እያነጠርን ነው፤ የእኔም ፋ ሁለተኛው ክር ላይ አሁንም ትንጫጫለች። በሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ጭረት ያሰምራል፤ የሚያውቁትን መጫወት እንዳይቆጠር ተስማምተናል። ባለፈው ቅዳሜ 83 ደርሶ ነበር። እትዬ ገና አላንጎራጎሩለትም።

እኅቱ ወደ ጂዳ ተመልሳለች፤ ኮንትራትዋ 2 ዓመት ነው። ልጁም ይህን አስልቶ ኖሮ፥ «በቀን ግማሽ ሰዓት ካደረግሁት እስክትመጣ ሌላ 365 ሰዓት አለኝ። ለአምባሰል ይበቃል ወይ መምህር?» አለኝ። ጊታሩን ከጭኔ ላይ አንሥቼ አስቀመጥሁት። ጥቂት ቆየሁና፥ «ለዚያች ለአንዲቱ ዘፈን ይበቃል» አልሁት።