አየርላንድን በመኪና ለሚዞር ቤተ ሰብ መንገድ ስንመርጥ

በዚህች በእጅ በምትጻፍ ጽሑፋችን ላይ ስለ ጉዞ የሚቀርበው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስደት ጉዞ ነው። በየትኛው ሌሊት እንደ ወጣን፣ የትኛውን ወንዝ እንደ ተሻገርን፣ ማን ከኋላ እንደ ቀረ። ይህ ተገቢ ነው፤ እኛም የየድርሻችንን ይዘናል። ዛሬ ግን ለውድ አንባብያን የምናቀርበው ሌላ ዐይነት ጉዞ ነው፤ ሰው ወዶ የሚነሣበት፣ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት፣ ከሁሉም በላይ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጉዞ። ጉዞው የእኛ አይደለም፤ ያቀድነው ግን እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድማችን የአየርላንድ ዋና ከተማ ከሆነችው ከደብሊን ከገባ ዓመታት አልፈዋል። የዚያን አገር ዜግነት አግኝቷል፤ ባለቤቱና ሁለት ልጆቹም ባለፈው ዓመት ተቀላቅለውታል። በዚህ ዓመት ደግሞ መንጃ ፈቃድ አወጣ። አገር ቤት ሳለ መሪ ጨብጦ ስለማያውቅ ከጽሑፍ ፈተና ተነሥቶ፣ በሕግ የተደነገጉትን 12 ትምህርቶች ከአስተማሪ ጋር ነድቶ፣ የመንገዱንም ፈተና አልፎ ነው ያገኘው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጀማሪ መሆኑን የሚያስታውቅ «ኤን» የሚል ፊደል በመኪናው ላይ ይለጥፋል። አንዲት አሮጌ መኪና ገዛና በስልክ እንዲህ አለን፤ «ጋሼ፣ እትዬ፣ እናንተ የካርታ ሰዎች ናችሁ። ልጆቹ ከከተማ ውጭ ያዩት ነገር የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሦስት ቀን ገጠሩን የምንዞርበትን መንገድ አውጡልኝ።»

እኛ ባልና ሚስት ሁለታችንም ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥተን ጂኦግራፊ ያስተማርን ነን። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆነን፣ ከካምፕ ሳንወጣ፣ ለሰው መንገድ እንድንመርጥ መጠየቃችን ደስ አሰኘን። የላከልንን ካርታ ከስልኩ ላይ እያየን በዘይት ካርቶን ጀርባ ገለበጥነው። ጎረቤቶቻችን ለቡና ሲመጡ ካርቶኑን ይከቡታል፤ አንዱ መንገድ ያሳጥራል፣ ሌላው ያስረዝማል። ሳምንት ሙሉ ግቢያችን በክርክር ሰነበተ።

የወንድማችን የመጀመሪያ ምኞት ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ዶኒጎል ወደሚባለው አውራጃ መሄድ ነበር። ከደብሊን ወደዚያ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ግን በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ባለው በሰሜን አየርላንድ በኩል ያልፋል። በድንበሩ ላይ ኬላ የለም፤ አጥርም የለም። በብጥብጡ ዘመን የነበሩት የወታደር ምሽጎች እ.ኤ.አ. ከ1998 የሰላም ስምምነት በኋላ ፈርሰዋል። ነጂው መሻገሩን የሚያውቀው የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲለወጥ ነው። ዳሩ ግን ኬላ የለም ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም። የወንድማችን ባለቤት በእጇ ያለው የአየርላንድ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ስለ ሆነ ወደ ሰሜኑ ለመግባት የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋታል።

«ማንም አይጠይቀንም» አለ ወንድማችን። እኛ ደግሞ በወረቀት የኖርን ሰዎች ስለ ሆንን፣ የማይጠየቅበት ቀንና የሚጠየቅበት ቀን በመልክ እንደማይለዩ እናውቃለን። ሽርሽር ለዕረፍት ነው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የፖሊስ መኪና የምትቆጥር ሴት አላረፈችም። በስላይጎ በኩል ድንበሩን ሳይነኩ ዶኒጎል መድረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ለሦስት ቀንና ለሕፃናት ይረዝማል። ስለዚህ ሰሜኑን ለሌላ ዓመት አቆይተን ወደ ምዕራብ ዞርን።

በዚህን ጊዜ እዚሁ ካምፕ የተወለደችው የዘጠኝ ዓመት ልጃችን፣ «ለምዕራቡስ የመውጫ ፈቃዱን ማን ይጽፍላቸዋል?» ብላ ጠየቀች። ማንም እንደማይጽፍላቸው ነገርናት። «ታዲያ እንደ ወጡ ማን ያውቃል?» አለች። ማንም አልናት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ቢጠፉስ?» አለች። ለእኛ የእግር ብረት የሆነው ወረቀት ለእርሷ እንዳትጠፋ የሚጠብቃት ክር ኖሯል። ስንት ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስተማርን ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ቶሎ አልመጣልንም።

መንገዱ እንደሚከተለው ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ከደብሊን ወደ ሎንግፎርድ፣ ከዚያም ወደ ስትሮክስታውን፤ ይህ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያኽላል። ከዚያ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በዌስትፖርት ማደር። በሁለተኛው ቀን በባሕሩ ዳር ወደ ሉዊስበርግ፣ በዱሎክ ሸለቆ አልፎ ሊናን፣ ከዚያም በኮኔማራ ተራሮች በኩል ክሊፍደን። በሦስተኛው ቀን ወደ ጎልዌይ ወርዶ፣ በሰፊው አውራ ጎዳና 208 ኪሎ ሜትር ያኽል ነድቶ ማታ ደብሊን። ጠቅላላው ከ600 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ከሚያደርሰው መንገድ ያጥራል።

በካርታ አጭር የሆነ መንገድ በጎማ ሲሄዱት ይረዝማል። በአውራ ጎዳናው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይፈቀዳል፤ በትንንሾቹ የገጠር መንገዶች ግን ገደቡ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከ80 ወደ 60 ዝቅ ብሏል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዶቹ በድንጋይ ካብ መካከል የሚጠማዘዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መካከላቸው ላይ ሣር የበቀለባቸው፣ ሁለት መኪና የማያሳልፉ ናቸው። በኮኔማራ በግ ከአስፋልቱ ላይ ይተኛል። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ ይህ እኛ ባለንበት አገርም ስላለ አላስደነቀንም። ወንድማችን እንደ ነገረን፣ በገጠር መንገድ የተላለፉ ነጂዎች አንድ ጣት ከመሪው ላይ አንሥተው ሰላም ይባባላሉ። የቡና ተሰብሳቢዎቻችን ይህን በጣም ወደዱት።

በሐምሌ መጀመሪያ በዚያ በምዕራቡ ዳርቻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ ጨለማ አያሰጋም። ዝናብ ግን በማንኛውም ቀን ይመጣልና ካፖርት ከመኪናው አይለይ አልን። ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ወይም ክብደቱ 36 ኪሎ ያልደረሰ ልጅ በልዩ መቀመጫ እንዲታሰር ሕጉ ስለሚያዝ ሁለቱም ልጆች መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። ስንቁን የወሰኑት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። «ዳቦ ቆሎ» አሉ፤ «አይበላሽ፣ አያቆሽሽ፣ ልጅ አፉን ይዞ ዝም ይላል።»

ከባዱ ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመረጥነው መንገድ በውበቱ የታወቀ ቢሆንም የረሀብ መንገድም ነው። ያን ጊዜ የአየርላንድ ገበሬ ጭሰኛ ነበር። እህሉና ከብቱ ለመሬቱ ኪራይ ይሸጣል፤ ለራሱ የሚቀረው ድንች ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 በሽታ ድንቹን መታው፤ እስከ 1852 ድረስ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በረሀብና በተስቦ አለቀ፣ ከዚያ የማያንስም ተሰደደ። በዚያው ጊዜ እህል ከወደቦቹ ተጭኖ መውጣቱ አልቆመም። በ1841 ቆጠራ የደሴቲቱ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ዛሬ ሰሜኑና ደቡቡ ተደምሮ ከ7 ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በ1847 በስትሮክስታውን ዴኒስ ማሆን የተባለው ባለ ርስት 1,490 ጭሰኞቹን አስነሥቶ በእግራቸው ደብሊን ድረስ አስኬዳቸው፤ ከዚያም በሊቨርፑል በኩል በመርከብ ወደ ካናዳ ላካቸው። ብዙዎቹ አልደረሱም። ማሆን ራሱ በዚያው ዓመት በኅዳር ተገደለ። ዛሬ በቤቱ የረሀቡ ቤተ መዘክር አለ፤ ጭሰኞቹ በሄዱበት 165 ኪሎ ሜትር መንገድም ላይ በየቦታው ከነሐስ የተሠሩ የልጅ ጫማዎች ቆመዋል። በዱሎክ ሸለቆ የሆነው ደግሞ በመጋቢት 1849 ነው። የሉዊስበርግ ረሀብተኞች ለእርዳታ ሊመረመሩ ሲጠባበቁ ሹሞቹ 19 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ዴልፊ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት እዚያ ያልተገኘ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል ተባለ። ሰዎቹ ሌሊቱን በብርድ ተጓዙ፤ ሲደርሱም ምንም ሳይሰጣቸው ተመለሱ፤ በመልሱ መንገድ ላይ ወደቁ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ይህ ሲነበብ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ዝም አለ። ለቆጠራ ያልተገኘ ስሙ ይሰረዛል የሚለውን ነገር ለእኛ ማንም መተርጐም አያስፈልገውም።

ከመካከላችን አንዱ እንዲህ አለ፤ «ልጆቹ ሸለቆውን ማየት አለባቸው። በትምህርት ቤት ከረሀብ አገር የመጡ እየተባሉ ነው። የባለ አገሮቹም ቅድመ አያቶች በዚህ ሰልፍ ቆመው እንደ ነበር ካወቁ አንገታቸውን አይደፉም።» ሁለተኛዋ ደግሞ መለሰች፤ «እነዚህ ልጆች የራሽን ሰልፍ በዐይናቸው ያዩ ናቸው። ትንሹ እስከ ዛሬ ከትራሱ ሥር ዳቦ ይደብቃል ተብለናል። በሕይወታቸው የመጀመሪያ ሽርሽር ሰልፍ እናሳያቸው? በዌስትፖርት አጠገብ ያለው የመርከብ ሐውልት ገመዱ ላይ የተሰቀለው የሰው ዐፅም ነው። ይህ የልጅ ነገር ነው?» ሁለቱም ክርክር እውነት ስለ ነበረበት በሁለት ማታ አላለቀም። በመጨረሻ ፍርዱ የእኛ እንዳልሆነ ተስማማንና ለልጆቹ እናት ደወልን።

እርሷም ረጋ ብላ ሰማችንና እንዲህ አለች፤ «ጫማዎቹን ያያሉ፤ ጫማ ልጅ ይገባዋል። በመርከቡ ዘንድ አንቆምም። ከሉዊስበርግ አጠገብ የባሕር ዳር አሸዋ ካለ እዚያ እስኪጠግቡ ይጫወቱ። በሸለቆው ስንደርስ ተኝተው ይሆናል፤ እኔ ብቻዬን እወርዳለሁ። የቀረውን ሲያድጉ እነግራቸዋለሁ።» አሸዋውስ አለ፤ ኦልድ ሄድ ይባላል፤ በካርቶኑ ላይ ትልቅ ክብ አደረግንበት። ከዌስትፖርት አጠገብ ያለውንም 764 ሜትር ከፍታ ያለው የቅዱስ ፓትሪክ ተራራ ከሥሩ ሆነው እንዲያዩት ጻፍን። በሐምሌ የመጨረሻ እሑድ ምእመናን፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግራቸው፣ እንደሚወጡት ስንነግራቸው እማማ፣ «እንዲህ ያለ ተራራ ካላቸውስ እንግዳ አይገፉም» ብለው ፈረዱ።

የእማማን ፍርድ የሚደግፍ አንዳንድ ነገር አለ። ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ተቋቁሞ ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሠርቷል። በ1985 ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ካሰናዱት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ ከደብሊን አጠገብ የተወለደ ነው። ረሀብን የቀመሰ ሕዝብ ሁሉ ለተራበ ያዝናል ብለን አንደመድምም፤ ተቃራኒውንም አይተናልና። ነገር ግን የራሱን ሰልፍ በሐውልትና በቤተ መዘክር ያቆመ አገር፣ የሌላውን ሰልፍ ሲያይ አላውቅም ለማለት ይከብደዋል።

ዕቅዱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠን በስልክ ፎቶ ላክነው። ልጃችን ከመላኩ በፊት እርሳስ አንሥታ ከግርጌው አንድ መስመር ጨመረች፤ «ስትወጡና ስትመለሱ ደውሉልን» የሚል። ወንድማችን ይህን ሲያነብ የሳቀ መስሎን ነበር፤ ባለቤቱ ግን ከሁሉም መስመር አስቀድመው የሚፈጽሙት እርሱን እንደ ሆነ ነገረችን። እንግዲህ ፈቃድ የሚጽፍ ባይኖርም፣ እንደ ወጡ የሚያውቅና እንዳይጠፉ የሚጠብቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ካርቶኑ በግቢያችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በማታ የሚማሩ ልጆች ርቀት መደመርንና ሚዛንን በእርሱ እየተለማመዱ ነው፤ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ጉዞ ማቀድ ጀምረዋል። አንድ ደንብ ብቻ ሰጥተናቸዋል፤ የመረጡት መንገድ የትም ይድረስ የት፣ መመለሻውም አብሮ ይሣል።