ቦቴ፣ ተሳቢ ወይስ ሴሚ?

ለዓመታት አይሱዙ ስነዳ ቆይቼ፣ የድሮ ሹፌሮች እስካሁን «አምስተኛ» የሚሉትን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስልጠና ጀምሬያለሁ። የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቦቴ ነው ደረቅ?»

የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ሰፈሬ አዲሱ ገበያ። የጎጃም መንገድ ከከተማው የሚወጣው በእኛ በር ነው። ከደርባ ሲሚንቶ ይዘው የሚገቡት፣ ከደጀን ማዶ ጤፍ ጭነው የሚመጡት፣ ማታ ማታ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን እያቃሰቱ የሚወጡት መኪኖች ድምፃቸውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ገንዘቡን የሚያሰላልኝ ሰው ሁሉ ወደ ቦቴ ይገፋኛል። አልፈርድበትም፤ ነዳጃችን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ ሥራው አይቆምም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከኋላዬ ያለው ጭነት ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ፈሳሽ አርፎ አይቀመጥም። ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት ይገፋል፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ያጋድላል። ቦቴ ውስጡ በግድግዳ የሚከፋፈለው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ጢም ብሎ ከሞላው ይልቅ ግማሽ የያዘው ያስቸግራል፤ መናወጫ ቦታ አለውና። መንጃ ፈቃዱ ደረቅና ፈሳሽ ተብሎ መለየቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ተሳቢና ሴሚን ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ተሳቢ ያለው መኪና ራሱም ጭኖ ከኋላው ሌላ ጭነት ይጎትታል። ሴሚ ግን የሸክሙን ከፊል በራሱ ጎማ ላይ፣ ከፊሉን በሚጎትተው መኪና ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ልዩነቱ ወደ ኋላ ስትሄድ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሴሚ የሚታጠፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጭራው ወደ ግራ እንዲሄድልህ መሪውን ወደ ቀኝ ታዞራለህ። ተሳቢ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፦ አንዴ መንጠቆው ላይ፣ አንዴ የፊት ጎማዎቹ በሚዞሩበት ላይ። መሪው እንደ ትንሽ መኪና የታዘዘልህ ይመስልህና መሀል ያለው ዘንግ ትንሽ ካለፈ ሁሉም ይተጣጠፋል፤ ያኔ ወደ ፊት ወጥቶ እንደገና ከመጀመር ሌላ መላ የለም። አሰልጣኛችንን ጋሼ ነው የምንላቸው። መሪዬን ሳይ ካገኙኝ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና «ስፖኪዮው ላይ የመጨረሻውን ጎማ እይ፣ ልጄ» ይሉኛል። እጅ የሚታዘዘው ዓይን ያየውን ነው ባይ ናቸው፤ አምኛቸዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ የዓባይ ሸለቆ አለ። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አጎቴ በኤንትሬ የጭነት መኪና ሲመላለስ በአሮጌው ድልድይ ነበር የሚሻገረው፤ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። ድልድዩ ቢቀየርም ቁልቁለቱ ያው ነው። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልበታል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። ስለዚህ ከአፋፉ ሳይነሱ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ፍሬን መውረድ ነው፤ መሀል ላይ ማርሽ ልቀይር ማለት አደጋ ነው።

እናቴ ከገደሉ ይልቅ የምትፈራው ሰውን ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚሁ መንገድ ሹፌሮች ታግተዋል፣ ተገድለዋልም። ይህን ሳያነሳ የጎጃምን መስመር የሚያሞግስልኝን ሰው ምክር አልቀበልም። እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው ቤቱ በሰላም መመለስ አለበት።

ደረቅ ጭነት፣ ሴሚ መርጫለሁ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አንድ፣ ባለ 20 ከሆነ ሁለት ይጭናል፤ ኮንቴይነር ሲጠፋ ሲሚንቶም እህልም አለ። በደንብ የታሰረ ጭነት ካሰሩት ቦታ ንቅንቅ አይልም፤ ለጀማሪ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቦቴን ልምድ ሳካብት አስብበታለሁ።

ሴሚ ላይ የቆያችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዓባይን ባዶ ስትወርዱና ጭናችሁ ስትወርዱ የምትይዙት ማርሽ ይለያያል? ፍሬናችሁንስ የት ቆማችሁ ታበርዳላችሁ? ጻፉልኝ፤ አብረውኝ ለሚሰለጥኑትም አነብላቸዋለሁ።