ዙሩ እስኪወርድ

ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ከባድ መኪና ከመታየቱ ብዙ ቀድሞ ይሰማ ነበር። የአሰብ ጭነት በደሴ መንገድ በሚመላለስበት ዘመን በዚያ ቁልቁለት ዳር ያደገ ሰው፣ መሪ ጨብጦ ባያውቅም ጆሮው ሾፌር ነበር። ቆሎ የሚሸጡት እናቶች ቀና እንኳ ሳይሉ፣ “ይሄ አይቆምም፣ አትነሱ” ይሉናል። እውነትም አይቆምም። ከተማው ውስጥ ሊያርፍ ያሰበ ሾፌር መግቢያው ላይ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሊያልፍ የቆረጠ ደግሞ ሜዳ ነገር ሲያገኝ ይጨምራል። የሁለቱ ድምፅ አይገናኝም። ሲቀንስ ሞተሩ መሐል ላይ አንዴ ይጮኻል። ሲጨምር ግን ይለሰልሳል፤ ድምፁ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ አሁንም እየወረደ ይሄድና ልክ ቦታው ሲደርስ ማርሹ ይገባል። ለቆሎ ገበያው ወሳኝ የነበረችው ያቺ መሐል ያለች ጊዜ ናት።

መንገዱን የሞሉት ፊያቶች ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ብቅ ያለው ፊያት 682፣ በተለይ እኛ ኤንትሬ የምንለው፣ ስድስት ሲሊንደርና 10.7 ሊትር ገደማ የሚይዝ የናፍታ ሞተር ነበረው። ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ ከራሱ በታች ያየዋል፤ በግራ የሚመጣውን የሚነግረው ረዳቱ ነው። ከኋላ ተሳቢ፣ ከተሳቢው ኋላ አቧራ።

የእነዚያ መኪናዎች ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የዛሬዎቹ ያላቸው ሲንክሮናይዘር አልነበረውም። ዛሬ ሁለት ጥርሶች ከመነካከሳቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ያ ትንሽ ቀለበት ነው፤ ያን ጊዜ ያንን ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር። ሦስተኛ ላይ 1,800 ዙር የሚዞር ሞተር ለአራተኛ 1,100 አካባቢ መውረድ አለበት እንበል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ረግጦ ያስገባል። ቢቸኩል ጥርሱ ይንጫረራል፣ ቢዘገይም ይንጫረራል። ሲቀንስ ደግሞ ዜሮ ላይ እንዳለ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ያ መሐል ላይ የምንሰማው ጩኸት እሱ ነው።

ለምን ቀስ ብሎ ይወርዳል? ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባለው ከባድ የብረት ጎማ አለ። ሞተሩ የሚገፋው በየፍንዳታው ስለሆነ፣ በሁለት ፍንዳታ መካከል እንዳይንገጫገጭ ዙሩን ይዞ የሚያቆይለት ይኸው ክብደት ነው። የወፍጮ ቤት ድንጋይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሲዞር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሁለተኛው ምክንያት የናፍታ ሞተር ጠባይ ነው። የቤንዚን ሞተር እግር ሲነሳለት የአየር በሩ ይዘጋበታል፤ ፒስተኖቹ በተዘጋ በር ለመሳብ ሲታገሉ ራሳቸውን ያደክማሉ፣ ዙሩም ቶሎ ይወርዳል። የዚያ ዘመን ናፍታ እንዲህ ያለ በር አልነበረውም። ነዳጁ ቢቀርበትም አየሩን እንደልቡ ይስባል፤ ስለዚህ የሚያቆመው የራሱ መፋተግ ብቻ ነው። በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት ግን ዘይቱ ስለሚወፍር ዙሩ ከወትሮው ፈጥኖ ይወርዳል። ጥሩ ሾፌር ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነት አይጠብቅም ነበር። ይህን ከመጽሐፍ የተማረ አላውቅም።

ዳገት ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ስሌት ይዞራል። ማርሽ ሊጨምር ዜሮ ያደረገ ሾፌር ሁለት የሚወርዱ ነገሮች አሉት፤ አንዱ የሞተሩ ዙር፣ ሌላው የመኪናው ፍጥነት። ጭነቱ ከብዶ ዳገቱ ቀጥ ካለ፣ መኪናው ከሞተሩ ቀድሞ ይሞታል። ሁለቱ የትም አይገናኙም፤ ማርሹም አይገባም። ለዚህ ነው እነዚያ መኪናዎች ጣርማ በርን ሲወጡ በአንድ ማርሽ እያጓሩ የሚውሉት፤ ሌላ ማርሽ አጥተው ሳይሆን ለመለወጥ የሚሆን ጊዜ አጥተው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማርሽ ሊቀነስ ዜሮ የሆነ መኪና ይፈጥናል፣ ሞተሩ ይወርዳል፣ ሁለቱ በየሰከንዱ ይራራቃሉ። ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ሳይጀመር የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ነበር። እዚያ የተሳሳተ ሰው ፍሬኑ እስኪግል ድረስ ብቻ ነው ዕድሜው። ታኮ ይዞ የሚዘለው ረዳት ለቆመ መኪና እንጂ ለሚሮጥ ምን ያደርጋል?

ረዳቶች ማርሽ የሚማሩት ሜዳ ላይ፣ ባዶ መኪና ሲመለስ ነበር። አንድ ጊዜ ጎናቸው ተቀምጬ የሰማኋቸው አንድ ሽማግሌ ሾፌር ነበሩ። ልጁ እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ወረደ?” አላቸው።

“እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሱን ጠይቀው!”

ልጁ አስገባው፤ ካምቢዮው ጮኸ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ መስኮቱን ከፍተው ወደ ውጭ ተፉ። ከዚያ የባሰ ስድብ አይቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ ስመጣ ሌላ ሙዚቃ ጠበቀኝ። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሴይቼንቶ ታክሲ ቮላኖዋም ሞተሯም ትንሽ ስለሆነ ዙሯ ከእግር ጋር ይወርዳል። የከተማ ሾፌሮች ማርሽ ሲለውጡ ችኮላ የነበራቸው ለዚህም ይመስለኛል፤ መኪናዋ አታስጠብቃቸውም። አንደኛ ማርሿ ግን እሷም ሲንክሮናይዘር ስላልነበረው፣ እየሄደች አንደኛ ላይ ሊመልሳት የሞከረ ሰው ድምፁን ይሰማ ነበር።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ የእህቴ ልጅ በቅርቡ ስላማረረኝ ነው። ማርሿ በእጅ የሚለወጥ የቤንዚን መኪና ገዝቷል። “ጋሼ፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ ዙሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጋራዥ ሄጄ ምንም የለባትም አሉኝ” አለ። እውነታቸውን ነው። በዛሬ መኪና የነዳጅ ፔዳሉ ከአየር በሩ ጋር በገመድ አልተያያዘም፤ እግር የሚጠይቀው ኮምፒዩተሩን ነው። እግር ድንገት ሲነሳ በሩን ወዲያው ቢዘጋው፣ በማስገቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነዳጅ በአንዴ ተስቦ ይገባና ሳይቃጠል ይወጣል። ነዳጁን ጨርሶ ቢያቋርጠው ደግሞ ንጹሕ አየር ወደ ጭስ ማጣሪያው ይጎርፋል፤ በኦክስጅን የጠገበ ማጣሪያ የናይትሮጅን ጋዞችን ማጥራት ያቅተዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ዙሩን በልኩ ያወርደዋል።

የኤንትሬው መዘግየት የብረት ነበር፤ የዚህኛው ትእዛዝ ነው። እኔ የብረቱን እመርጣለሁ፤ ብረት ብርድና ሙቀት ካልለወጠው በቀር በራሱ ልክ ስለሚወርድ ጆሮ ይለምደዋል፣ ኮምፒዩተሩ ግን ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ሊወስን ይችላል። ጭሱን ግን አልናፍቅም። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ እነዚያ ሞተሮች የተሰጣቸውን ናፍታ አቃጥለው መጨረስ አቅቷቸው የሚተፉት ጥቁር ጭስ፣ ቆሎው ላይም ሳንባችንም ላይ ያርፍ ነበር።

ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ዘዴ ቀላል ነው። እግርህን ከነዳጁ ትንሽ ቀደም አድርገህ አንሳ፣ ፍሪሲዮኑን ከዚያ በኋላ ርገጥ፤ ማርሹ ውስጥ እያለች ኮምፒዩተሩ በሩን ቀስ ብሎ ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል። ሞክሮት ተሻለኝ አለ፤ ግን አልረካም። በ2016 ዓ.ም መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጓደኞቹ የሚያወሩት ስለ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሽ የለ፣ የሚጠበቅ ዙር የለ። ባለፈው ሳምንት ዋጋ ጠይቆ መጣ። ለጊዜው ማርሿን ይዞ ይቆያል።